መኪናው ሲጮኽ ማን ይሰማል? የአሽከርካሪ ረዳት ቴክኖሎጂና የሹፌሩ ድርሻ

[ምስል፦ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ ከመኪና ውስጥ። ዳሽቦርዱ 118 ያሳያል።]

ይህን መንገድ የአዳማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለትራፊክ የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ነው። ዳርና ዳሩ ታጥሯል። መሐሉ ተከፍሏል፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሲኖትራክ ደርቦ ይመጣብኛል ብላችሁ አትሰጉም። እስከ 120 መንዳትም ይፈቀዳል።

[ምስል፦ የአዳማ መውጫ፣ ከዚያ የከተማ ጎዳና። ባጃጆች፣ እግረኞች።]

አሁን ከፍላችሁ ወጣችሁ፤ አዳማ ገባችሁ። ዳሽቦርዱ 70 ይላል። ለእናንተ ግን መኪናው የቆመ ያህል ነው የሚሰማችሁ። ረጅም ሰዓት በፍጥነት የነዳ ሰው ቀዝቀዝ ሲያደርግ ፍጥነቱን አሳንሶ ይገምታል። ጎበዝ ሹፌርም ሆነ ጀማሪ፣ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። ባጃጁ ደግሞ ፍሬቻ ሳያሳይ ተሳፋሪ ለመጫን ዳር ይይዛል። ስለዚህ ከክፍያ ጣቢያው በኋላ ባሉት ደቂቃዎች የራሳችሁን ስሜት ተዉትና ቆጣሪውን እመኑ።

ልብ በሉ፤ መንገዱ ምንም አላጠፋም። የፍጥነት መንገዱ ደኅንነት ሰጥቷችኋል። እናንተ ግን የዚያን ደኅንነት ስሜት ይዛችሁ አጥር ወደሌለበት ከተማ ገባችሁ። የዛሬው ቪዲዮ ስለዚህ ነው፦ ቴክኖሎጂ ተጨማሪ ደኅንነት ሲሰጠን ያን ትርፍ ምን ላይ እንደምናውለው።

[ምስል፦ ቀላል ስዕል። ሁለት መኪኖች፣ አንዱ በ80፣ አንዱ በ120።]

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አጭር ነው። በ120 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። አደጋ አይታችሁ እግራችሁ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያልፋል እንበል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት፣ ደህና ጎማና ደህና ፍሬን ይዛችሁ፣ ለመቆም 80 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ ከ110 ሜትር በላይ። በ80 ብትነዱ ግን 57 ሜትር አካባቢ ይበቃችኋል። ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ የመቆሚያው ርቀት ግን እጥፍ ሆነ። ጎማው ያለቀ ከሆነ ወይም ዝናብ ካለ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ፍሬን እንምጣ። ኤቢኤስ የሚባለውን ሰምታችኋል። ድንገት ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቅና ይይዛል። ጎማው ካልተቆለፈ መሪው ይታዘዛል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሠርቶት በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሰዲስ መኪና ላይ ወጣ።

[ምስል፦ የጀርመን ታክሲዎች፣ የቆየ ምስል።]

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙኒክ ከተማ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር ተሞከረ። የአንድ የታክሲ ድርጅት መኪኖች በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ኤቢኤስ አለው፣ ግማሹ የለውም። ተሳፋሪ መስለው የገቡ ታዛቢዎች የሹፌሮቹን አነዳድ መዘገቡ። ኤቢኤስ ያላቸው መኪኖች አደጋቸው ይቀንሳል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አልቀነሰም። ታዛቢዎቹ ያዩት እነዚህ ሹፌሮች ኩርባውን ጠበቅ አድርገው ሲታጠፉ፣ መስመራቸውን ሲስቱ ነው። ፍሬኑ የሰጣቸውን ትርፍ ወደ ፍጥነት መነዘሩት።

ታዲያ ቴክኖሎጂ ከንቱ ነው ማለት ነው? በፍጹም። መኪናው መንሸራተት ሲጀምር ራሱ የሚያቃናው ሥርዓት፣ ኢኤስሲ የሚባለው፣ ብዙ ሕይወት እንዳዳነ በተለያዩ አገሮች ተረጋግጧል። ልዩነቱ ምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ ኢኤስሲን ሹፌሩ አያውቀውም። መኖሩን ካላወቀ ደግሞ በእሱ ተማምኖ አይነዳም።

እግረ መንገዴን፦ ኤቢኤስ ያለው መኪና ጠጠር ላይ ለመቆም ከሌለው የበለጠ ርቀት ሊወስድ ይችላል። አስፋልቱ ሲያልቅ ይህን አትርሱ። ፍሬኑን ስትረግጡ እግራችሁ ሥር ቢንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ አትልቀቁትም። ሥራውን እየሠራ ነው።

[ምስል፦ ቀበቶ፣ በቅርበት።]

ቀበቶ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም ነበር፤ ግን ያስፈልጋል። በሦስት ቦታ የሚይዘውን ቀበቶ የቮልቮው ኢንጂነር ኒልስ ቦህሊን ሠርቶ በ1959 እ.ኤ.አ. መኪና ላይ ገጠመው። ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። እኛስ? ትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ ሲታይ ቀበቶውን በግራ እጅ ስቦ ደረት ላይ መያዝ። መሰካት የለም፤ መያዝ ብቻ። ትራፊኩ ሲያልፍ ለቀቅ፣ ቀበቶው ወደ ቦታው ሸርተት። አንዳንዱ ደግሞ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሰለቸኝ ብሎ ቀበቶውን ከጀርባው አዙሮ ይሰካዋል። መኪናው ተታለለ፣ ዝም አለ። ኤርባጉ ግን ሰው በቀበቶ ታስሯል ብሎ ነው የተሠራው። ሳታስሩ ወደፊት ስትወረወሩ እሱ በሰከንድ ስባሪ ተነፍቶ ፊታችሁን ይመታዋል።

[ምስል፦ የኤሌክትሪክ መኪና ስክሪን። የማስጠንቀቂያ ድምፅ።]

አሁን ደግሞ አዲስ ጩኸት መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ብዙዎቹ ከመስመር ስትወጡ ያስጠነቅቃሉ፣ ከፊት ካለው መኪና ርቀት ይጠብቃሉ፣ መሪውን እስከማዞር ይደርሳሉ። ከዚህ በኋላ «መኪናው ራሱን ይነዳል» የሚል ወሬ ይመጣል።

አይነዳም። ባለሙያዎች የመኪናን ራስ የመንዳት ችሎታ ከ0 እስከ 5 ይመድቡታል። እኛ ጋ የሚታዩት በአብዛኛው ከ2ኛው ደረጃ አያልፉም። 2ኛ ደረጃ ማለት መኪናው ያግዛል፣ የሚነዳው ግን ሹፌሩ ነው። መስመር የሚጠብቀው ካሜራ የሚያየው የተቀባውን መስመር ነው። ቀለሙ ከለቀቀ፣ ካሜራው ላይ ጭቃ ካለ፣ የሚያየው ነገር የለም። ሁሌ አላስፈላጊ ቦታ ላይ ሲጮኽ ደግሞ ሹፌሩ ይሰለቻል፤ ወይ ያጠፋዋል፣ ወይ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ከ2ኛው ደረጃ በላይ የሄደውም መኪና ሰው ገድሏል። መጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና፣ ቴምፒ በምትባል ከተማ፣ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጨ። መሣሪያው ከመግጨቱ ከአምስት ሰከንድ በላይ ቀድሞ አይቷት ነበር። ምን እንደሆነች ግን መለየት አልቻለም። መሪው ኋላ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ደግሞ ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም። ፍርድ ቤት የቆመችው እሷ ናት። ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም።

[ምስል፦ መናኸሪያ፤ የተጫኑ ሚኒባሶች።]

ወደ አዳማ እንመለስ፤ እዚህ ሹፌሩን ብቻ መውቀስ አይከብድም፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ባለተሳቢ፣ አሰላ የሚመላለሰው ሚኒባስ፣ ብዙው የሚነዳው የሌላ ሰው መኪና ነው። ማታ ባለንብረቱ የሚጠይቀው «ስንት ቢያጆ ሠራህ? ገቢው ስንት ነው?» ብሎ ነው። መኪናው ከተወሰነ ፍጥነት እንዳያልፍ የሚይዘው መገደቢያ ከተነቀለም፣ በማን ፈቃድ እንደተነቀለ ጋራዡ ያውቃል፣ ባለንብረቱም ያውቃል። መኪናውን ከሩቅ የሚከታተለው ጂፒኤስ ከተገጠመ ደግሞ መኪናው በስንት እንደሄደ ባለንብረቱ ስልኩ ላይ ማየት ይችላል። አይቶ ዝም ካለ መሣሪያው ምን ያድርግ?

ሕጉ እዚህ ላይ ከብዙዎቻችን ግምት ይለያል። ሹፌሩን የወንጀል ሕጉ ይጠይቀዋል፤ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። ካሣው ግን ባለንብረቱም ዘንድ ይደርሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ይነዳው የነበረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። «እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር» አያስጥለውም። ስለዚህ ባለመኪኖች፣ ማታ ገቢ ስትቀበሉ ያን የፍጥነት መዝገብም ክፈቱት።