ፊኛ ላይ ከፍታ ለምን አያስፈራም?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ከጅማ ነው የማናግራችሁ፤ የዛሬው ጉዳዬም የከፍታ ፍርሃት ነው።

ጅሬን ባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ጉልበቴ ይከዳኛል። ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስሄድ ግን፣ ከዚያ እጅግ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆኜ፣ የቡናውን ደን በመስኮት በእርጋታ አያለሁ። በሞቀ አየር ፊኛ የሚበሩ ሰዎችም፣ ከፊኛው ሥር ተንጠልጥሎ የሚሳፈሩበት ቅርጫት ከላይ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቹ ፎቅ ላይ የሚይዛቸው ፍርሃት እዚያ እንደማይዛቸው ይናገራሉ።

ሰው ቆሞ ሚዛኑን የሚጠብቀው ዓይኑ፣ የውስጠኛው ጆሮውና እግሩ በሚነግሩት ነው። ስንቆም ሳይታወቀን በጥቂቱ እንወዛወዛለን፤ በቅርባችን ግድግዳ ወይም ዛፍ ካለ ዓይናችን ይህን ወዲያው ይለየዋል። ገደል አፋፍ ላይ ግን የሚታየው ሁሉ ሩቅ ስለሆነ ዓይን ውዝዋዜውን መለየት ይሳነዋል፤ ከጆሮና ከእግር ጋር ሲጋጭም ራሳችን ይዞራል። ስለዚህ ከሰገነት ጫፍ የሚሸሽን ሰው ፈሪ ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ ሰውነቱ ስለ ሚዛኑ መጨነቁ ትክክል ነው።

ፊኛ ላይ ይህ ሁሉ ይለወጣል። እስከ ደረት የሚደርሰው የቅርጫቱ ግድግዳ ለዓይን የቅርብ መያዣ፣ ለእጅም መደገፊያ ይሆናል። ፊኛው ከነፋሱ ጋር እኩል ስለሚጓዝ በቅርጫቱ ውስጥ ነፋሱ እምብዛም አይሰማም። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን፣ ከእግር ሥር ተነሥቶ እስከ መሬት የሚወርድ ግንብ አለመኖሩ ነው፤ ዓይን ጥልቀቱን የሚለካበት መስመር ስለሚያጣ ምድር እንደ ተዘረጋ ስጋጃ ትታያለች።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 1783 ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በሞቀ አየር ፊኛ በፓሪስ ሰማይ ላይ ለ25 ደቂቃ ያህል በረው ነበር። ዳርላንድ በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው፣ ቁልቁል እያየ በመመሰጡ የፊኛውን አየር የሚያሞቀውን እሳት ችላ ስላለ ጓደኛው ገሥጾታል። ከእርሱ በፊት ከመሬት ጋር ባልታሰረ ፊኛ የበረ ሰው ሳይኖር ያን ያህል መረጋጋቱ እጅግ ያስደንቀኛል።

ፍርሃቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የከፍታ ፍርሃት የጸናበት ሰው ቅርጫቱ ውስጥም ሊጨነቅ ይችላል። ከመሬት ጋር በገመድ ታስሮ በሚወጣ ፊኛም ገመዱ ዓይንን ቁልቁል ስለሚመራው ፍርሃቱ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ዕድሉን ባገኝ የምመርጠው ሳይታሰር የሚበረውን ነው።