አምስት ሌሊት እንጅባራ፤ በእግር፣ በቀስታ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ!

ለጉዞ ኮሚቴው የተሰጠው ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ደብረ ማርቆስ ለምንኖር ጡረተኞች አምስት ሌሊት የሚታደርበት፣ ጸጥ ያለ፣ የሚፈለገው ሁሉ በእግር የሚደረስበት ትንሽ ከተማ ይፈለግ ነው የተባልነው። የምናቀርብላችሁ እንጅባራን ነው። ስለ ከተማዋ ውበት ብዙ አናወራም። ጊዜውን የምናወራው ስለ ቀኑ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ መንገዱና ሊበላሽ ስለሚችለው ነገር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርንና ላሊበላን በአምስት ቀን አዳርሶ መመለስ ጉብኝት ይባል ይሆናል እንጂ ዕረፍት አይደለም። በየማለዳው ሻንጣ ማሰር፣ በየማታው አልጋ መፈለግ፣ በመካከሉ መኪና ውስጥ መቀጥቀጥ ነው። የዚህ ጉዞ ሕግ አንድ ቦታ ደርሶ ሻንጣን መፍታትና እስከ መመለሻው ቀን አለማሰር ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

እንጅባራን የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ቅርበቷ ነው፤ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በጥሊሊ አልፎ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለምሳና ለሽንት የሚቆምበትን ጨምሮ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ሁለተኛው ከፍታዋ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ሁሉ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሳንባችን የለመደው አየር ነው፤ ዳገት ላይ የሚያስተነፍስ አዲስ ነገር አይገጥመንም። ፍኖተ ሰላምን ያነሱ አባላት ነበሩ፤ ማንጎዋ ይጣፍጣል፣ ነገር ግን ዝቅ ብላ ስለተኛች ከረፋድ በኋላ ሙቀቷ ለእግረኛ አይመችም። ሦስተኛው፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ትንሽ ገባ ሲባል ሣርና ዛፍ መኖሩ ነው። ደክሞት የቆመ ሰው ባጃጅ ወይም ጋሪ ጠርቶ መመለስ ይችላል።

ጉድለቷንም አንደብቅም። እንጅባራ፣ የጥንቱ ሰው ኮሶበር የሚላት፣ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ቡሬና ወደ እኛ፣ አንዱ በቻግኒ አድርጎ ወደ ጉባ፣ ወደ ሕዳሴው ግድብ ይሄዳል። ስለዚህ ከባድ መኪና ሌሊትም ያልፋል። ጸጥታው ያለው ከመገንጠያው ራቅ ሲሉ ነው፤ ወደ አልጋው ጉዳይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ። ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በመንገድ ሳይሆን በቀን ምርጫ ነው።

እንጅባራ በጎጃም ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ ድረስ ለእግር የሚሆን መንገድ የላትም ማለት ይቻላል፤ ቀዩ አፈር ሲረጥብ ከዘራ የያዘውንም ሰው ያንሸራትታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለበት። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ጾሙ ለብዙዎቻችን ችግር አይደለም፤ ሽሮና በየዓይነቱ አይጠፋም። ሐኪም ወተትና እንቁላል ያዘዘለት ሰው ግን በዚያ ወቅት ምግብ ቤት ውስጥ ይቸገራል።

የቀረን ጥር ነው። ጥርም ሦስት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው በዓላቱ ናቸው። ጥር 10፣ 11 እና 12 ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ወደ ቤተ ዘመዱ ስለሚጓዝ መናኸሪያው ይጨናነቃል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት። ጥር 23 ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው። ፈረሶቹ በዛብና በጌጥ አሸብርቀው ሲወጡ ማየት የሚያስቀና ነገር ነው፣ አይካድም። በዚያ ሳምንት ግን ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ አልጋ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው መኪና ውስጥ ያድራል። ዕረፍት የሚፈልግና ፈረስ ማየት የሚፈልግ ሰው በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አያገኝም።

ሁለተኛው ወጥመድ ሠርግ ነው። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን የሚረሳው እንግዳ ብቻ ነው። አዳራሽ ያለው ሆቴል ቅዳሜና እሑድ በድምፅ ማጉያ ይናወጣል፣ ክፍሎቹም በሚዜና በአጃቢ ይያዛሉ። ሦስተኛው ጾመ ነነዌ ነው፤ ቀደም ሲል በጥር 17 ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ የዘመኑን ባሕረ ሐሳብ የሚያወጡ አባሎቻችን ቀኑን ያረጋግጡልናል። ይህን ሁሉ አጣጥፈን ስናየው የሚበጀው ከቃና ዘገሊላ በኋላና ከአስተርእዮ በፊት ባለው ክፍተት ሰኞ ሄዶ ቅዳሜ ጠዋት መመለስ ነው። አምስት ሌሊት ይሆናል፤ የቅዳሜውንም ሠርግ እናመልጣለን።

አልጋው ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ምክንያቱም የዕረፍት ግማሹ እንቅልፍ ነው። በስልክ «ንጹሕ ክፍል አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም፤ «የለንም» የሚል ሆቴል የለም። የሚጠቅመው አዎ ወይም አይደለም በማለት ብቻ የማይመለስ ጥያቄ ነው። መስኮቱ ወዴት ይከፈታል? ወደ አስፋልት ከሆነ ይቅርብን፤ ወደ ጓሮ ያለው ክፍል ባያምርም ያስተኛል። ከሥሩ ምንድን ነው ያለው? ግሮሰሪ ከሆነ እስከ ሌሊቱ አምስትና ስድስት ሰዓት ሙዚቃ አለ። ስንተኛ ፎቅ ነው? አሳንሰር በሌለበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ማለት በቀን አራት ጊዜ ሲወጣና ሲወረድ የጉልበት ቅጣት ነው። ሽንት ቤቱ መቀመጫ አለው ወይስ ቁጢጥ የሚያስብል ነው? ይህን መጠየቅ የሚያፍሩ አሉ፤ በሌሊት ቁጢጥ ማለት ያቃተው ሰው ግን ሳያፍር መጠየቅ ነበረበት። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ ከየት ይመጣል? የውኃ ማሞቂያው በመብራት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሰውነት መታጠቢያውን መብራት ባለበት ሰዓት ማድረግ ወይም በባልዲ የፈላ ውኃ ማዘዝ ነው። በመጨረሻም፣ በዚያ ሳምንት የተያዘ ሠርግ አለ?

ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለሚሆን ክፍል በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበር። ማኅሌቱና ሰዓታቱ ገና ሌሊት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ለአንዳንዱ ይህ በረከት ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ምርጫውን ራሱ ይናገር።

ሁሉንም ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል አያስፈልግም። የአንድ ሌሊት ቀብድ ይበቃል። ስንደርስ ሻንጣው ከመውረዱ በፊት ሁለት ሰው ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል፣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ብርድ ልብሱን ይቆጥራል። ለአንድ አልጋ ሁለት ካልሆነ ያን ጊዜውኑ ይጠየቅ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሲጠየቅ ሁሉም ተሰጥቶ አልቋል። ይህን ለማድረግ በብርሃን መድረስ አለብን። ከዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከተነሳን ምሳ መንገድ ላይ በልተን ከሰዓት በኋላ ከአስር ሰዓት በፊት እንደርሳለን።

ስለ መኪናው በአጭሩ። ኮንትራት ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፤ እኛ የምንጽፈው 10 ሰው ብቻ ነው፤ እግር መዘርጊያ ያስፈልጋል። በመናኸሪያ ወረፋ የሚጫን ሚኒባስ ርካሽ ነው፣ ግን እስኪሞላ ሰዓት ይፈጃል፤ መንገድ ላይም ትርፍ ሰው ይጨምራል። ሻንጣ በሰው አንድ፣ ከ8 ኪሎ ያልበለጠ። ጋቢ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ባትሪ፣ የለመደ ጫማ። አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ የሚገዛ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ተረከዙ ተልጦ ክፍል ውስጥ ይውላል። መድኃኒት ለአምስት ቀን ሳይሆን ለስምንት ቀን ይያዝ፣ ጣሪያ ላይ በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ።

አሁን ቀኖቹን እንያቸው። ሰኞ ማታ ምንም የለም፤ እራትና እንቅልፍ። ማክሰኞ ጠዋት የ40 ደቂቃ እግር በከተማው ውስጥ፤ ፋርማሲው፣ ጤና ጣቢያው፣ ዳቦ ቤቱ የት እንዳለ መለየት ነው። የገበያ ቀኑን የሆቴሉን ሰዎች ጠይቀን ያን ቀን ለገበያ እንተወዋለን። በገበያ ቀን ባንክ ይሞላል፣ ኔትወርክም ይዳከማል፤ በስልክ እከፍላለሁ ያለ ሰው ድንች ሻጭ ፊት ቆሞ ይቀራል። ዝርዝር ብር በኪስ ይኑር።

ረቡዕ ዘንገና ነው። ሐይቁ በእኛው መንገድ፣ ከከተማው ወደ ጥሊሊ በኩል 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ይገኛል። በሽማግሌ እርምጃ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተነስተን፣ በመንገዱ ግራ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየን እንሄዳለን፤ መኪና ከኋላ የሚመጣበት እግረኛ ለመሸሽ ጊዜ የለውም። በሰው አንድ ሊትር ውኃ ይያዝ። ለመልሱ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ከማታው ተነጋግረን እናዘጋጃለን፤ ሰው የሚጎዳው በመሄጃው ሳይሆን «ተመልሼም በእግሬ ነው» ብሎ ሲገግም ነው። ዘንገና እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሆነ ይነገራል። ዳሩ እንደ ጣና ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ስለዚህ እግር ለመታጠብም ቢሆን ወደ ውኃው መውረድ አያስፈልግም። ከላይ ከዛፉ ሥር መቀመጥ ይበቃል። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ስንቁ የጾም ይሁን፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች።

ሐሙስ ማረፊያ ነው። ማንም ምንም አያቅድ።

ዓርብ ለሚፈልጉ ብቻ የዓባይ ወንዝ ምንጭ የሆነው ግሽ ዓባይ አለ። ይህ የእግር ሳይሆን የመኪና ቀን ነው፣ ከአስፋልትም የሚወጣ መንገድ አለው፤ ወገቡን የሚያመው ሰው እንጅባራ ቢቀር ምንም አይቀርበትም። አባታችን አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው ኋላ «ግሺ» ብለው ሳይረጥቡ ተቀበሉ፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። ወደ ምንጩ የሚገባው እህል ሳይቀመስ ነው። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ስኳር ያለበትና መድኃኒቱን ከምግብ ጋር የሚወስድ ሰው ቁርሱን በልቶ ከውጭ ሆኖ ይሳለም። ሰውን ላለማሳፈር ተብሎ ባዶ ሆድ መግባት ራስን ስቶ መውደቅ ያመጣል።

ስለ ማር አንድ ቃል። መጀመሪያ ቀን አትግዙ፤ ዋጋ ሳታውቁ ትገዛላችሁ፣ አምስት ቀን ትጠብቁታላችሁ። በብርድ አገር ማር ቢረጋ ተበላሸ ማለት አይደለም። ክዳኑ ግን በፌስታል ታስሮ ይቁም፤ ጣሪያ ላይ የተኛ የማር ጀሪካን የሁሉንም ሻንጣ ያጣብቃል።

አሁን የምንናገረውን ሁላችሁም ጆሮ ስጡን። የአዊ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል ያከስላል፤ ከሰል በየቤቱ አለ፣ ሌሊቱም ይበርዳል። ደግ የሆቴል ሠራተኛ «ይሙቃችሁ» ብሎ የከሰል ምድጃ ክፍል ሊያስገባላችሁ ይችላል። አመስግናችሁ መልሱት። የከሰል ጭስ ባይታይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቀይ ፍም የሆነ ከሰልም ያው ነው። ከበረደ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ወይም የፈላ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን በላስቲክ መያዣ አድርጎ እግር ሥር ማኖር ይሻላል። አስም ያለባችሁ ደግሞ ከሰል ከሚከሰልበት በኩል ንፋስ ሲመጣ መስኮት ዝጉ።

የመንገዱ ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። ከመነሻው ሁለት ቀን በፊትና በዚያው ጠዋት ቡሬና እንጅባራ ደውለን እንጠይቃለን። የሚያጠራጥር ወሬ ካለ አንሄድም፤ የምናጣው የአንድ ሌሊት ቀብድ ነው።

ምዝገባው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቦታው አሥር ነው፤ ከዚያ የተረፈ ለሁለተኛ ዙር ይጻፋል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከስሙ ጎን «ምድር ቤት» ብሎ ይጻፍ፤ የሚያንኮራፋ ደግሞ ራሱ ባያምንበት እንኳ ባለቤቱን ጠይቆ «ለብቻ» ይበል።