ሳትከሳ ያለቀ ታሪክ

[ምስል፦ በወጣቶች ልብ ወለድ የተሞላ መደርደሪያ]

ስለ ወፍራም ልጅ የሚተርክ የወጣቶች ልብ ወለድ ስትጀምሩ መጨረሻውን ብዙ ጊዜ ትገምቱታላችሁ። ልጅቷ ትከሳለች። አዲስ ቀሚስ ትለብሳለች። ሲንቃት የነበረው ልጅ ዞር ብሎ ያያታል። አለቀ።

የጁሊ መርፊ «ደምፕሊን» እንዲህ አያልቅም። መጽሐፉ በፈረንጆቹ 2015 ወጣ። ባለታሪኳ ዊሎውዲን፣ ባጭሩ ዊል፣ ቴክሳስ ውስጥ ክሎቨር ሲቲ በምትባል ምናባዊ ከተማ ትኖራለች። በርገር ቤት ትሠራለች፤ የዶሊ ፓርተን ዘፈን ነፍሷ ነው። ራሷን «ወፍራም» ስትል አታፍርም። እናቷ ግን በወጣትነቷ የከተማውን የቁንጅና ውድድር ያሸነፈች ሴት ናት። አሁንም ውድድሩን የምትመራው እሷ ናት። ልጇን «ደምፕሊን» እያለች ትጠራታለች፤ ድቡልቡል ተደርጎ የሚበስል ሊጥ ነው። ቁልምጫ መሆኑ ነው።

[ምስል፦ በርገር ቤት፣ ማታ]

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ቦ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ይወዳታል። ይስማታል። እጁ ወገቧ ላይ ሲያርፍ ግን ዊል ሽምቅቅ ትላለች። የሚነካው ስብ ብቻ ነው የሚታያት። ሰው ሲሰድባት መልስ የማታጣ ልጅ፣ የወደዳት ልጅ ሲነካት በገላዋ አፈረች። ለእኔ የመጽሐፉ እውነተኛ ቦታ ይሄ ነው። ራስን መቀበል አንዴ ወስነውት የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ ዊል ያንን የምታውቀው ደስ ሊላት በሚገባበት ሰዓት ነው።

እኛም ዘንድ እኮ «ወፈርሽ» ወይም «ምነው ከሳሽ» ከሰላምታው ጋር ይመጣል። በክፋት አይደለም። የ13 ዓመት ልጅ ግን ቃሉን ይዛው መስታወት ፊት ትቆማለች። የዊልም እናት ክፉ አይደለችም። ልጇን ትወዳለች፤ የምታውቀው ውበት ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ከእናቷ እኩል ያሳደገቻት አክስቷ ሉሲ ሞታለች። ዊል የሉሲን ዕቃ ስታይ የቁንጅና ውድድር መመዝገቢያ ቅጽ ታገኛለች። አክስቷ ሳታስገባው የቀረ ቅጽ ነው። ዊል ራሷ ሄዳ ትመዘገባለች። ሌሎች የሚቀለድባቸው ልጆችም ይከተሏታል።

[ምስል፦ ሁለት ጓደኛሞች ጀርባ ለጀርባ]

መርፊ ባለታሪኳን መልአክ አላደረገቻትም፤ ይሄን በጣም ወድጄላታለሁ። ቀጭኗ የልብ ጓደኛዋ ኤለን ልመዝገብ ስትል ዊል ትቆጣለች። ለኤለን ቦታ የለም እንደማለት ነው። ይጣላሉ፤ ለረጅም ጊዜ ይኮራረፋሉ። ሚሊ የምትባለውን ከእሷ የወፈረች ልጅም ዊል በልቧ ትንቃታለች። ሰው ገላዋን አይቶ ሲፈርድባት የሚያማት ልጅ፣ የሌላውን ገላ አይታ ትፈርዳለች። ወጣት አንባቢ እዚህ ጋ ራሱን ያገኛል።

ዊል ዘውዱን አትደፋም። አትከሳምም።

በፈረንጆቹ 2018 ታሪኩ ለኔትፍሊክስ ፊልም ሆነ፤ እናቷን ጄኒፈር አኒስተን ተጫወተች። እኔ ግን መጽሐፉን አስቀድሙ እላለሁ፤ የዊልን የውስጥ ንግግር እንደ መጽሐፉ ፊልሙ አይሰጣችሁም። በዚያው ዓመት የወጣው ተከታዩ «ፑዲን» ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ ተራኪዎች አንዷ ሚሊ ናት። ሚሊ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ክብደት መቀነሻ ካምፕ ትላክ ነበር። አሁን መሄድ የምትፈልገው ጋዜጠኝነት የሚያስተምር ካምፕ ነው፤ ዜና አንባቢ መሆን ነው ሕልሟ። ችግሩ፣ ይሄን ለእናቷ እንዴት ትንገራት?