ለማን ነው የሚደወለው?

እሺ። እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ ወረቀት አልያዝኩም። ስለ ቤት ኪራይ ቃል የገባሁላችሁ ክፍል ይቆየን። የእናቴን ዶሮ ለምትጠይቁ፣ አለች። ፋሲካንም ተሻገረች።

ታናሽ ወንድሜ መጥቶ ነበር። ኢንጂነሩ። በአውሮፕላን ነው የመጣው፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ቀርቷል። ለዚያ ነው ማይኩን የከፈትኩት።

ሥራ ማግኘቱን ነግሬያችኋለሁ። ወርቅ ነው፣ ወደ ምዕራብ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እንጀራው ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር ማንጎ ፓርክ፣ ውሃው ዳር ተቀምጠናል። ዓሣው ገና አልመጣም። ስለ ሥራው ጠየቅኩት። ጠዋት ጠዋት የማዕድኑ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ግድብ ላይ ይወጣል። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ረጅም ገመድ አለ፤ ጫፉ ብረት ነው። ግድቡ ውስጥ የተቀበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ፒዞሜትር ይባላሉ። ክዳኑን ይከፍታል፣ ገመዱን ያወርዳል፣ ያወርዳል፣ ያወርዳል። ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ ይላል። ገመዱ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ውሃው በግድቡ ሆድ ውስጥ የት እንደደረሰ የሚታወቀው በዚያ ነው። የደብተሩን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። በእርሳስ ነው የሚጽፈው። ዝናብ የነካው ገጽ ላይ ቁጥሮቹ ደብዝዘው፣ በላያቸው ደግሞ ጽፎባቸዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጽሕፈቱ ያምራል።

ከዚያ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ጋሼ፣ አንድ ቀን ቁጥሩ ዘሎ ባገኘው ለማን ነው የምደውለው?" አለኝ።

"ለአለቃህ ነዋ" አልኩት።

"አለቃዬ የምርት አለቃ ነው። ሥራ ቢቆም የሚጠየቀው እሱ ነው።"

"ከሱ በላይ ላለውስ?"

"የሱን ቁጥር ማን ሰጥቶኝ።"

ዝም አልኩ። እሱ ቀጠለ። "ከግድቡ በታች መንደር አለ። ገበያ የሚወጡት በኛ አጥር ሥር ነው። የነሱም ስልክ የለኝም።"

ዓሣው መጣ። እጁን ታጠበ፣ በላ፣ ወሬው ወደ ሠርግ ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። አሁንም እዚያው ነኝ። የነሱም ስልክ የለኝም። ሚጥሚጣውን አቀብለኝ በሚልበት ድምፅ ነው ያለው። ቢያማርር ይሻለኝ ነበር። ቢቆጣ፣ ቢሳደብ። ለምዶታል ማለት ነው? ወይስ ስንት ጊዜ ለራሱ ብሎት ብሎት ነው የለሰለሰው?

ቴይሊንግ፣ ያ ዝቃጩ፣ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ባጭሩ። ድንጋዩ ይፈጫል፣ ወርቁ ይወጣል፣ የቀረው ከውሃ ጋር የተደባለቀ ደቃቅ ዝቃጭ ነው። ወርቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳያናይድ የሚባል መርዝ አለበት። ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ወርቅ ጥቂት ግራም ነው፤ ሌላው በሙሉ ዝቃጭ ነው። ያንን የሚይዝ ግድብ ይሠራለታል። የመራዊውን የመስኖ ግድብ፣ ቆጋን፣ አስቡት። ቆጋ ተሠራ፣ አለቀ፣ ውሃ ያዘ፤ ካስፈለገ ውሃው ይለቀቃል። የዝቃጭ ግድብ ተሠርቶ አያልቅም። ማዕድኑ በሠራ ቁጥር እሱም ከፍ ይላል። ሠራተኛው ይቀያየራል፣ ባለቤቱ ይቀያየራል፣ ግድቡ ያድጋል። ወርቁ አልቆ ሁሉም ዕቃውን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላም እዚያው ነው። ለልጅ ልጅ ነው የሚተርፈው።

ርካሽ የሚባለው አሠራር ደግሞ አለ። አዲሱን እርከን ራሱ ዝቃጩ ላይ ማቆም። ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ውሃ ነው። ስንወጣ ታናሹ ዳር ላይ ያለውን እርጥብ ደለል በጫማው መታ መታ አደረገው። መጀመሪያ ሰው ያቆማል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ወደ ላይ ብቅ አለ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጫማው ሰመጠ። "ይኸው" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ማታ ስለ ብራዚል ማንበብ ጀመርኩ። ብሩማዲኞ። ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ የምሳ ሰዓት። እኛ ጥምቀትን አክብረን ሳምንት እንኳ አልሞላንም። ቫሌ የሚባለው ኩባንያ የብረት ማዕድን ግድብ ነው፣ 86 ሜትር ቁመት፣ ያ አሁን ያልኳችሁ ዓይነት። ፈረሰ። 270 ሰው ሞተ። የሠራተኞቹ ምግብ ቤት ከግድቡ በታች ነበር። ከግድቡ በታች! ሳይረን ነበረ፤ አልጮኸም። ግድቡ አስተማማኝ ነው የሚለው ወረቀት የተፈረመው ከጥቂት ወራት በፊት ነው። የፈረመውን ድርጅት የቀጠረው ራሱ ኩባንያው ነበር። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በዚያው ግዛት፣ ይኸው ኩባንያ ድርሻ ያለበት ሌላ ግድብ ፈርሶ 19 ሰው ሞቷል። ቪዲዮው አለ። አትዩት።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑት ባለሙያዎች፣ ግድቡ ከመፍረሱ በፊት የሚታይ ምልክት አልነበረውም ብለዋል። ከሳምንት በፊት በድሮን የተነሳው ቪዲዮ ላይ ምንም የለም። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ውሃም ቀስ በቀስ እየወረደ ነበር። እየወረደ! ዝቃጩ ከውስጥ ሲላላ ቆይቶ፣ ዝናቡ ተጨምሮበት፣ ባንዴ ፈሳሽ ሆነ። ማለት፣ ታናሹ እዚያ ቢኖር ደብተሩ ላይ ደህና ቁጥር ነበር የሚጽፈው። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ።

ያን ሳነብ ስልኩን ዘጋሁት።

እና ከመጀመሪያው አሠራሩ ላይ ነው ጉዳዩ እላለሁ። ቺሊ እኮ ያንን አሠራር ከ50 ዓመት በፊት ነው የከለከለችው። በ1957 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ግድብ አፍርሶ ከ200 በላይ ሰው ካለቀባት በኋላ። ብራዚል የከለከለችው ከብሩማዲኞ በኋላ ነው። ሰው ሳይሞት የከለከለ አገር ፈለግኩ። ተውት።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ልንገራችሁ። ከብሩማዲኞ በኋላ ግድባችሁ የት ነው፣ ቁመቱ ስንት ነው፣ በምን ዓይነት ነው የተሠራው ብሎ ኩባንያዎቹን ያፋጠጠው ማን መሰላችሁ? የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድ፣ ከስዊድን የጡረታ ፈንዶች የሥነ ምግባር ምክር ቤት ጋር ሆኖ። የቄሶች ጡረታ ነው እኮ! ከ700 በላይ ለሆኑ ኩባንያዎች ጻፉ፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች መለሱ። ገንዘቡ የት እንደገባ የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል። በአጥሩ ሥር ገበያ የምትሄደው ሴትዮስ? እሷም ጠይቃ ይሆናል እኮ። ማን ነገረን።

በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ ደረጃ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም፣ የማዕድን ኩባንያዎቹ ምክር ቤትና ባለሀብቶቹ አንድ ላይ ያወጡት። ውስጡ ጥሩ ነው። ለግድቡ የሚጠየቅ አንድ ትልቅ ኃላፊ ይኑር ይላል። ከኩባንያው ነጻ የሆነ ባለሙያ ግድቡን ይገምግም፣ በታች ያለው ሕዝብ በአደጋ ዕቅዱ ይሳተፍ ይላል። ታናሹ የጠየቀኝ ይህንኑ እኮ ነው! ግን ደረጃ ነው፣ ሕግ አይደለም። ቃል የገባ ይይዘዋል።

ሕግ እኛም አለን። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995። ጥናቱ ለሕዝብ ይቅረብ፣ አስተያየት ይሰብሰብ ይላል። ዋናው ጥናት ግን ሥራው ሳይጀመር የሚሠራ ነው፤ ግድቡ ደግሞ በየዓመቱ ሌላ ግድብ ይሆናል።

ከእኛ ሩቅ ነው የምትሉ አላችሁ፣ ይገባኛል። ዛምቢያን እዩ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ የመዳብ ዝቃጭ ግድብ ተሰብሮ አሲዱ ካፉዌ ወንዝ ገባ። ኪትዌ የምታክል ከተማ ውሃ ተዘጋባት። እዚህ ቧንቧ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን የምንሆነውን ታውቃላችሁ። ዓባይስ ከጭስ ዓባይ ወርዶ ዞሮ ዞሮ የሚሄደው ወደ ምዕራብ አይደል? የወርቁ አገር ወንዞች እዚያ ነው የሚገናኙት።

እኔ የሚመስለኝ፣ ያንን ደብተር ከኩባንያው ደሞዝ የማይበላ ሰው ማየት አለበት። አቁሙ ማለት የሚችል ሰው። የመንግሥት ይሁን። ግን ያም ሰው ከከተማ ነው የሚመጣው፤ መኪናውን ማን ይሰጠዋል? ኩባንያው። ምሳውንስ? የዩኒቨርሲቲው የፖሊ ግቢ መምህራን ቢሆኑስ ብዬ ነበር፤ አፈር የሚያውቁ ሰዎች እዚሁ አጠገባችን አሉ። ለታናሹ ደወልኩና ነገርኩት። "ማን ያስገባቸዋል?" አለኝ። በሕግ ነዋ አልኩት። ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

ወይም ከመንደሩ አንድ ልጅ ሠልጥኖ አብሮት ይውጣ። ጢጥ ሲል መስማትና መጻፍ ነው፤ እሱን ማን ያቅተዋል? ግን የብራዚሉ ደግሞ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ነው የ... እንግዲህ። ለማንኛውም የቀበሌውን ሊቀመንበር ስልክ ያዝ አልኩት፣ ዛሬውኑ። ይፈቀድልኝ እንደሆነ ልጠይቅ አለኝ። ስልክ ለመያዝ ፈቃድ ካስፈለገው፣ የሚፈቅደው ያው የምርት አለቃው ከሆነ ደግሞ... እንጃ። እሱን ገና...