ዝምተኛዋ ቢ

እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ርእስ ነበር፤ ነገር ግን ያ የእሑድ ከሰዓት ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ እርሱን ሳላነሣ ማለፍ አልቻልሁም። አጎቴን ታውቋቸዋላችሁ፤ በቶናው ሳይፈርዱ የማይነሡት የቡና ዳኛ ናቸው።

ከባንክ የመጣላቸውን ደብዳቤ በእንግዶች ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ «ዴብት» (debt) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ደረሱና ቢዋን አጥርተው ጠሯት። እኔም ሣቅ አመለጠኝና «ጋሼ፣ ቢዋ አትነበብም፤ ዴት ነው የሚባለው» አልኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ደብዳቤውን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከእንግዶቹ አንዷ ስለ ዕጣኑ አንድ ነገር ተናገረች። ደብዳቤው ሁለት አንቀጽ ይቀረው ነበር።

ማታ ያችን ፊደል ማን እዚያ እንዳኖራት ስመረምር አመሸሁ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ቢ አልነበረበትም፤ ላቲን የተማሩ ጸሐፍት ናቸው የሩቅ አያቱ «ዴቢቱም» መሆኑን ለማሳየት ኋላ የሰኩባት። ስለዚህ አጎቴ ያነበቡት የተጻፈውን ነው፤ እኔ የሣቅሁት ደግሞ ሊቃውንቱ ለጌጥ ባስገቧት ፊደል ነው። በ«ናይፍ» (knife፣ ቢላዋ) መጀመሪያ ላይ ያለችው ኬ እንኳ ድሮ በእርግጥ ትነገር ነበር፤ ጽሕፈቱ ሲረጋ አንደበት ትቷት ሄደ።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ አታሚ ዊልያም ካክስተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1476 ማተሚያውን ዌስትሚንስተር ሲተክል (በአውቶቡስ በየቀኑ የማልፍበት የለንደን ሰፈር ነው) አንድ ወጥ እንግሊዝኛ አልነበረም። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛና በላቲን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ ደብዳቤዎቹን በእንግሊዝኛ ማስጻፍ የጀመረው በ1417 ገደማ ነው። ካክስተን በ1490 ገደማ በጻፈው መቅድም የሚያወጋው ታሪክ አለ። ወደ ዜላንድ (ዛሬ ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው) የሚሄዱ ነጋዴዎች ነፋስ አጥተው ከመርከብ ይወርዳሉ፤ አንዱ ከአንዲት ባለ ቤት እንቁላል ሲጠይቅ «ኤግስ» ይላል፤ እርሷም ፈረንሳይኛ አልችልም ትለዋለች። ሰውየው ፈረንሳይኛ አያውቅም ነበርና ተቆጣ፤ ጓደኛው «ኤይረን» (ያው እንቁላል፣ በሌላ ሰፈር እንግሊዝኛ) ሲል ግን ወዲያው ገባት። ካክስተንም እንግዲህ የትኛውን ልጻፍ ብሎ ተጨነቀ።

ይህን ደጋግሜ ሳነበው ልቤ የቀረው ሴትዮዋ ባለመሣቋ ላይ ነው። የባዕድ ቋንቋ መሰላት እንጂ ተሳሳተ አላለችም። የሚሣቅበት እንዲኖር አስቀድሞ ትክክል የሚባል አንድ መልክ መኖር አለበት፤ የነገሥታቱ ጸሐፍትና አታሚዎቹ፣ በ1755 መዝገበ ቃላቱን ያወጣው ሳሙኤል ጆንሰንም ያንን መልክ አበጁልኝ ማለት ነው። ወይም ደግሞ ለክፉ አንደበቴ የሩቅ ሰዎችን ጥፋተኛ እያደረግሁ ይሆናል።

እነሆ ያልነገርኋችሁ። በልጅነቴ የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፉኝ አጎቴ «ዕዳ»ን በአልፋው አ የጻፍሁ ዕለት በቀይ አስምረው፣ ዐይኑን ዐ ሃያ ጊዜ አስጽፈውኛል። ዐይኑ በግእዝ ድምፅ ነበረው፤ በእኛ አፍ ግን ከአልፋው አይለይም። «ዴት» ማለት ዕዳ ነውና፣ ያው ቃል መሆኑ የገባኝ ትናንት ነው። እሑድ ዕለት የሣቅሁት ለዚያ ቀይ መስመር ይሆን? አይመስለኝም። በእርግጥ አላውቅም።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስልኬን ባነሣ መልእክታቸው ቀድሞኝ ደርሷል፤ «የባንኩን እዳ ከፈልሁ» ይላል። በአልፋው ነው። የስልኩ ፊደል አስቸግሯቸው ይሁን፣ ወይስ... እስካሁን አልመለስሁላቸውም።