ሊምሪክ ነው ብዬ ወረድኩ

እንደምን ዋላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

«ለአዲስ መጪዎቹ ስለ ትራንስፖርት ንገሪያቸው» ስባል ሳቄ መጣ። አየርላንድ ውስጥ እንደኔ መንገድ የሳተ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

በመጣሁ በመጀመሪያው ወር ነው። ከደብሊን ወደ ሊምሪክ እየሄድኩ ባቡሩ ቆመ። ድምፅ ማጉያው «ሊምሪክ» ሲል ሰማሁ። ቀጥላ የመጣችውን ቃል አልሰማኋትም። ሻንጣዬን ጎትቼ ወረድኩ። ዞር ዞር ብዬ ባይ ሜዳ ነው፤ ከተማ የሚባል የለም። አግዳሚው ላይ አንዲት አሮጊት ቴርሞሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «የኔ ልጅ፣ ያለሽው እኮ ቲፐራሪ ነው» አሉኝ። ቦታው ሊምሪክ ጀንክሽን ይባላል፤ የእኛ «መገናኛ» በሉት። ከሊምሪክ ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል! ደግነቱ ወደ ከተማው የሚወስደው ባቡር የሚያዘው እዚያው ነው። ሻያቸውን እያካፈሉኝ ጠበቅን።

ደብሊን ላይ ደግሞ ጣቢያ እንዳትሳሳቱ። ወደ ኮርክ፣ ሊምሪክ፣ ጋልዌይና ዋተርፎርድ ከሂውስተን ነው። ወደ ቤልፋስት፣ ስላይጎና ሮስሌር ከኮኖሊ። ሂውስተንም ኮኖሊም እ.ኤ.አ. ከ1916ቱ የአየርላንድ የነፃነት አመፅ በኋላ በእንግሊዞች የተረሸኑ ሰዎች ስም ነው፤ ጣቢያዎቹ በስማቸው የተጠሩት እ.ኤ.አ. በ1966፣ በ50ኛው ዓመት ነው። ከተሳሳታችሁ የሉአስ (የደብሊን ቀላል ባቡር) ቀዩ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳችኋል። ባቡራችሁ ግን አይጠብቅም። ሰዓቱንም በሐበሻ አትቁጠሩት፤ ይቺም ደርሳብኛለች።

ካርታውን ስታዩ ሐዲዱ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከደብሊን የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ወደ ደብሊን ወይም ከደብሊን ከሆነ ባቡር ያዙ። ጎን ለጎን ከሆነ አውቶቡስ። ከኮርክ ጋልዌይ በባቡር ስትሄዱ ጀንክሽን ላይ ትቀይራላችሁ፣ ሊምሪክ ላይ ደግማችሁ ትቀይራላችሁ። አውቶቡሱ ግን በቀጥታ ይሄዳል። መኖሪያው ዶኒጎል የደረሰው ካለ ጭራሽ ባቡር አይፈልግ፤ ድሮ ነበረ፣ ተዘግቷል። የደብሊን ኤርፖርትም ባቡር የለውም።

ከተማ ውስጥ ሊፕ ካርድ፣ ማለትም የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ፣ ይኑራችሁ። ደብሊን ላይ በ2 ዩሮ ለ90 ደቂቃ ከአውቶቡስ ወደ ሉአስ እየቀያየራችሁ ትሄዳላችሁ። ፌርማታ ላይ ደግሞ እጃችሁን ዘርጉ፤ ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ ጥሏችሁ ያልፋል። ስትወርዱ ሹፌሩን አመስግኑ። እዚህ ሁሉም ሰው ያመሰግናል፤ እኔ በጣም የምወድላቸው ነገር ነው።

አሁን አንድ ቁም ነገር። የቤልፋስት ባቡር በየሰዓቱ አለ። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም፤ መሻገራችሁንም ላታውቁ ትችላላችሁ። ግን ቤልፋስት ያለችው በእንግሊዝ መንግሥት (ዩኬ) ሥር ባለችው ሰሜን አየርላንድ ነው፣ ቪዛው ሌላ ነው። የአየርላንድ መኖሪያ ካርድ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አያሻግርም። «ማንም አላስቆመኝም» ማለት «ተፈቅዶልኛል» ማለት አይደለም። ወረቀታችሁን በአንድ ቀን ሽርሽር አታበላሹ።

መኪና የምታስቡ ደግሞ፣ እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበረች፤ አባቶቻችን ለምደው ቀይረዋል፣ እናንተም ትለምዱታላችሁ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በዚህ አገር አይለወጥም። ከቲዎሪ ፈተና ጀምራችሁ፣ የለማጅ ፈቃድ ይዛችሁ፣ ተምራችሁ ትፈተናላችሁ። አዲስ አበባ 10 ዓመት መንዳታችሁን ለፈታኙ አትንገሩት።

ሞተርዌይ (ፈጣን መንገድ) ላይ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። የገጠሩ ትንንሽ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ 60 ሆኗል፤ እሱም ይበዛል ባይ ነኝ። መሀሉ ላይ ሣር የበቀለበት፣ ግራና ቀኙ አጥር የሆነ መንገድ ነው። ከፊት መኪና ከመጣ አንዳችሁ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ስትተላለፉ ሹፌሩ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርጋል። ስድብ አይደለም፣ ሰላምታ ነው።

ደብሊንን በሚዞረው ሞተርዌይ፣ በኤም 50 ላይ፣ የክፍያ ዳስ አትፈልጉ። ካሜራ ታርጋችሁን ያነባል፤ እስከ ማግስቱ ማታ 2 ሰዓት ካልከፈላችሁ ቅጣት ይጨመራል። ይህ 2 ሰዓት በእኛ ነው፤ በእነሱ 20:00።

ጥያቄ ያላችሁ ሻይ ላይ አገኛችኋለሁ። ባቡሬ ማታ ከኮኖሊ ነው፤ ዛሬ ሁለቴ አረጋግጫለሁ።