የእንዶዱ ጥያቄ
(በጤና ተመራማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሊቀ መንበሩ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየክልሉ ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ የመጣችሁ ባልደረቦች፣ ተማሪዎቻችን፣ ጥሪያችንን ያከበራችሁ እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዓድዋ ሲባል ሁላችንም ተራራውን እናስባለን። እኔ ዛሬ ወደ ወንዙ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ባለ ትል የሚመጣውን በሽታ፣ ሊያጠኑ ወደዚያ ወርደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ተመለከቱ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚራባው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ያነጹበት ፍሬ የበሽታውን መተላለፊያ ሊዘጋ እንደሚችል ወጣቱ ተመራማሪ እዚያው ወንዝ ዳር አስተዋሉ።

ይህን ታሪክ በኩራት እንናገረዋለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ተመራማሪው ነበሩ፤ ተክሉ በየጓሮው ነበረ፤ ሕመምተኛውም አልጠፋም። ያልነበረን፣ እንዶድ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ሰውንና እንስሳን እንደማይጎዳ ዓለም በሚቀበለው ደረጃ ፈትሾ የሚያረጋግጥ የራሳችን ቤተ ሙከራ ነበር። አፍሪካ ውስጥ የተሠራን ምርምር የሚጠራጠሩ ወገኖች ማስረጃ በጠየቁ ቁጥር የሰው ደጅ መጥናት ግድ ሆነ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ ዘመኑ 1989 ደርሶ ነበር። 25 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት ልጅ ወንዝ ገብቶ ዋኝቶ፣ በሽታውን ይዞ ወደ እናቱ ተመለሰ?

ስለ ሀገራዊ የጤና ምርምር ሥርዓት ሳስብ የሚታየኝ ያ 25 ዓመት ነው።

ዛሬ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በቡታጅራ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለምርምር የሚሆን የልደትና የሞት መረጃ ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። በ2020 መጀመሪያ የኮሮና ተጠርጣሪዎችን ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ልከን ውጤት ስንጠብቅ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ምርመራው በራሳችን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተጀመረ። ሌት ተቀን የሠሩት የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ነገር ግን «ፕሮጀክቱ አለቀ» የሚለውን ቃል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ አለ? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የባለሙያው ውል ያልቃል፤ ማሽኑ ሬጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አጥቶ ይቆማል፤ የመረጃ ቋቱን የሚያውቀው ልጅ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ፕሮጀክት ይመጣና ከዜሮ እንጀምራለን። ገንዘብ የሚሰጡንን የውጭ አጋሮቻችንን ማማረሬ አይደለም፤ ብዙዎቻችን የተማርነው በእነርሱ ድጋፍ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡን የሚያወጣው ጥያቄውንም ያወጣል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1990 ለልማት የሚውል የጤና ምርምርን ያጠናው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ታዳጊ ሀገሮች ከጤና ወጪያቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲመድቡ የመከረው። እ.ኤ.አ. በ2008 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮችም ያንኑ 2 በመቶ አንስተው ጥሪ አድርገዋል። ቁጥሩን የምጠቅሰው ከመንግሥት ጋር በምናደርገው ውይይት ሁሉ ከአፋችን እንዳይጠፋ ነው።

በራሳችን በኩል ያለውንም ልናገር። ከዓመታት በፊት ከአንድ የገጠር ቀበሌ የሕፃናት የደም ናሙና ወስደን ነበር። በሌላ ሥራ ወደዚያው ስመለስ አንዲት እናት መልኬን አስታወሱና «የልጄ ደም ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ለእርሳቸውም ሆነ ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ ግን አንዲት ገጽ እንኳ አልተወንላቸውም። አንገቴን ደፋሁ። ጥፋቱ የገንዘብ እጥረት አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ያቺ እናት በሚቀጥለው ጊዜ የልጃቸውን ክንድ ለመርፌ ባይሰጡ እንዴት እፈርድባቸዋለሁ?

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ነገ ከሰዓት በኋላ ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ያቀርብላችኋል። የመጀመሪያው፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በዚህ ጉባኤ የሚቀርብ ማንኛውም ጥናት ውጤቱ ናሙና ለሰጠው ማኅበረሰብ በምን ቋንቋና በማን በኩል እንደተነገረ እንዲያሳይ ነው። ሁለተኛው፣ የቤተ ሙከራና የመረጃ ባለሙያዎች በመንግሥት በጀት ቋሚ መደብ እንዲያገኙ ማኅበሩ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ ላይ ተቃውሞ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ለተማሪዎች ወጪው ይከብዳል የሚሉ አሉ። መድረኩ ክፍት ነው፤ ተከራከሩበት፣ አሻሽሉት።

በዚህ ዓመት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሰጠነው በጤና ጣቢያ እየሠሩ ከራሳቸው መዝገብ ተነሥተው ጥናት ላካሄዱ ባልደረቦቻችን ነው። ወደ ፊት ኑልን፤ ፊተኛው ረድፍ ወንበር ተይዞላችኋል። ጉባኤው ተከፍቷል።